ሐሙስ 11፡40፦ ከአንዲት እናት አካውንት የተሰረቀ ማይል

ጉዳዩ

ነገሩ የሆነው በጥቅምት 2017 ባሕር ዳር ላይ ነው። ከአንዲት የ68 ዓመት ጡረተኛ መምህርት የአየር መንገድ አካውንት 56,500 ማይል በአንድ ሌሊት ወጣ። የተወሰነው በሁለት ቀን ተመለሰ። የቀረውን ለማስመለስ ሰባት ሳምንት ፈጀ። በመሀል አንድ ቤተሰብ ሊበተን ነበር።

እንድጽፈው ራሳቸው ባለጉዳይዋ ፈቅደውልኛል። «ስሜን ብቻ ተወው እንጂ ሌላውን ጻፈው ልጄ» አሉኝ። ስለዚህ እዚህ ውስጥ የማንም ስም የለም። አየር መንገዱንም፣ ኢሜይሉን የሚሰጠውንም ድርጅት አልጠራም።

እኔ ጊሽ ዓባይ አካባቢ ኮምፒውተርና ስልክ እጠግናለሁ። የደህንነት ባለሙያ አይደለሁም። የተጠራሁት ጎረቤት ስለሆንኩ ነው። ቢሆንም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሆነውን ሁሉ ደብተር ላይ ስጽፍ ነበር። ይህ ጽሑፍ የወጣው ከዚያ ደብተር ነው።

ማይሉ ከየት መጣ

ባለጉዳይዋ የሚኖሩት ሽምብጥ ነው። ሦስት ልጆች አሏቸው፤ አንዱ ሜሪላንድ፣ አንዷ ፍራንክፈርት፣ ትንሹ አዲስ አበባ። ባለፉት ሦስት ዓመታት ምራታቸው ስትወልድ ሁለት ጊዜ አሜሪካ ሄደዋል፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ጀርመን። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው በአንደኛው ጉዞ ልጆቹ ተዋጥተው ቢዝነስ ክላስ ቆረጡላቸው። ቢዝነስ ክላስ ማይሉ ከፍ ይላል። በዚህ ሁሉ 58,412 ማይል ተጠራቀመ።

ማይል ምን እንደሆነ ለማያውቅ ባጭሩ ልበል። አየር መንገዶች ደንበኛ እንዳይሸሽባቸው ለበረረ ሰው ነጥብ ይሰጣሉ። አሜሪካን ኤርላይንስ እ.ኤ.አ. በ1981 የጀመረው ፕሮግራም ለብዙዎቹ አርአያ ሆኗል። ነጥቡ ሲጠራቀም በቲኬት ይቀየራል። ከኪስ የሚወጣው ታክሱና አንዳንድ ክፍያው ብቻ ነው። ቲኬቱ ደግሞ በራስ ስም ብቻ አይደለም፤ ለሌላ ሰውም ሊቆረጥ ይችላል። ሌባ የሚወደው ይህንን ነው።

አካውንቱን የከፈተላቸው የወንድማቸው ልጅ ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ የተማረ ጎበዝ ልጅ ነው፤ ቀበሌ 14 ይኖራል። እሳቸው ኢሜይል ስለሌላቸው ኢሜይልም በስማቸው ከፈተላቸው። ፓስወርዱን ግን የራሱን አደረገው፤ ለሁሉ ነገር የሚጠቀምበትን አንዱን። ስልክ ቁጥር ሲጠየቅም የራሱን ሞላ። ያ ሲም ከዓመት በኋላ ጠፋ፤ ማንም ትዝ ብሎት አካውንቱ ላይ አልቀየረውም።

ቆየት ብሎ የአሜሪካው ልጅ ቲኬት ሲቆርጥ ፓስወርዱን ጠየቀ፤ ተላከለት። የፍራንክፈርቷም ጠየቀች፤ ተላከላት። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ተቋርጦ በነበረባቸው ወራት ደግሞ የወንድም ልጅ የገመድ ኢንተርኔት ያለው ቢዝነስ ሴንተር እየሄደ ነበር አካውንቱን የሚያየው። አንድ ቀን እሱ ስላልተመቸው ፓስወርዱን በወረቀት ጽፎ ያኔ እዚህ የነበረውን ትንሹን ልጅ ላከው።

ስንቆጥረው ፓስወርዱን የሚያውቁት አራት ሰዎች ሆኑ። የአካውንቱ ባለቤት ግን አያውቁትም።

ይህን የምለው ለመውቀስ አይደለም። የእኔም እናት አካውንት እንደዚሁ ነው። በእኛ ቤት አካውንት የአንድ ሰው ሆኖ አያውቅም፤ የቤተሰብ ነው። የሚተላለፈውም በፍቅር ነው። የደህንነት ምክር የሚጽፉ ሰዎች ግን «ፓስወርድህን ለማንም አትስጥ» ይሉና ያልፋሉ። ለማንም ያልሰጡ እናት ቲኬታቸውን ማን ይቆርጥላቸዋል?

ሁለት ቀን የበላው ጠብ

ቅዳሜ ማታ የአሜሪካው ልጅ ለእናቱ የጥር ጉዞ ቲኬት ሊያይ አካውንቱን ከፈተ። 1,912 ማይል አለ። መጀመሪያ የተሳሳተ ገጽ የከፈተ መሰለው። ዝርዝሩን ሲያይ ሁለት ቲኬት ተቆርጧል፤ አንዱ በ30,000፣ ሌላው በ26,500። መንገዱ በሁለት የእስያ ከተሞች መካከል ነው። የመንገደኞቹን ስም ቤተሰቡ ውስጥ የሚያውቀው የለም። ሰዓቱ ሐሙስ ማታ 11፡40 ይላል።

ለእናቱ ደወለ። «ሐሙስ ማታ 11፡40 ላይ ማነው አካውንትሽን የነካው?» አላቸው።

እሳቸው አሰቡ። ሐሙስ 11፡40፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ የወንድማቸው ልጅ ቤታቸው ነበር። ስልካቸው ሞልቶ ፎቶ እያጠፋላቸው፣ ስልኩ እጁ ላይ ነበር። ይህንኑ ተናገሩ። ክፋት አስበው አይደለም፤ ያዩትን ነው የተናገሩት።

ገጹ ግርጌ ላይ በትንሽ ፊደል ሰዓቱ የግሪኒች (የዓለም ሰዓት መለኪያ፣ ከእኛ በሦስት ሰዓት የሚዘገይ) መሆኑ ተጽፏል። እዚያ ሐሙስ ከሌሊቱ ሃያ ጉዳይ ለስድስት ሲሆን እኛ ጋ ለዓርብ አጥቢያ ሌሊት 8፡40 ነው። ያን ሰዓት የወንድም ልጅ ተኝቷል፤ ስልኩም ሴትዮዋ ራስጌ ነበር። አሜሪካ ያለው ልጅ በፈረንጅ አቆጣጠር ያነበበውን እንዳለ ተናገረ፤ እናቲቱ በሐበሻ አቆጣጠር ሰሙት። ሁለቱም አልዋሹም።

እሁድ ቀኑን ሙሉ በስልክ ጠብ ሆነ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይል ነበር የአሜሪካው። የወንድም ልጅ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ተናደደ፤ መጨረሻ ላይ «ለካ እጄ አመድ አፋሽ ነው» ብሎ ስልኩን ዘጋ። አጎቶች ገቡበት። አንድ ሽማግሌ ጉዳዩን በእርቅ እንጨርሰው ብለው ቀጠሮ ያዙ።

በዚህ መሀል አንድ ነገር ማንም አላየም። የመጀመሪያው ቲኬት በረራ እሁድ ማታ ነበር። ቅዳሜ ማታ አየር መንገዱ ጋ ቢደወል ኖሮ ይቆም ነበር። ሁለተኛው በረራ ማክሰኞ ማታ ነው። እኔን የጠሩኝ ሰኞ ጠዋት ነው።

ሰኞ

ስደርስ ቡና ተፈልቶ ነበር፤ የሚጠጣ ግን የለም። የወንድም ልጅ በር ላይ ቆሟል። «እማማ፣ ሰዓቱን እንደገና እንየው» አልኩ። የአሜሪካው ልጅ የገጹን ፎቶ እንዲልክ ጠየቅኩት። የግሪኒቹን ጽሑፍ ሳይ ወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ ሠራሁ፤ እነሱ ጋ፣ ግሪኒች፣ እኛ ጋ። ወረቀቱን ሰጠኋቸው። ሴትዮዋ መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት። ምንም ሳይሉ ተነሥተው ለልጁ ቡና ቀዱለት።

ይህ ለማይሉ ምንም አልጠቀመም። ግን ያለሱ ወደፊት መሄድ አይቻልም ነበር፤ ኢሜይሉን መክፈት የሚችለው ያ ልጅ ብቻ ነውና።

ቀጥሎ ኢሜይሉን ከፈትን። የገቢ ሳጥኑ ላይ ከአየር መንገዱ የመጣ አንድም ነገር የለም። የተጣሉ መልእክቶች የሚቀመጡበትን ትራሽ ስናይ ግን አራት መልእክት አለ። የመግቢያ ማሳወቂያ፣ ማይል ሊወጣ መሆኑን የሚያረጋግጥ ሊንክ፣ ሁለቱ ቲኬቶች። ሴቲንጉ ውስጥ ገባን። አንድ የማጣሪያ ትእዛዝ ተቀምጧል፤ የአየር መንገዱ ስም ያለበት መልእክት ሁሉ ሳይታይ ቀጥታ ወደ ትራሽ እንዲሄድ የሚያደርግ። ሌባው መጀመሪያ የገባው ኢሜይሉ ውስጥ ነው ማለት ነው። እዚያ ገብቶ ማንቂያውን ዘጋ፤ ከዚያ ነው ማይሉን ያወጣው። የኢሜይሉ የመግቢያ ታሪክ ደግሞ ከሌላ አህጉር፣ ከሁለት የተለያዩ አገሮች እንደተገባ ያሳያል።

እዚህ ላይ አንድ ትክክል ያደረግነው ነገር አለ፤ ከመነካካታችን በፊት ሁሉንም ስክሪንሹት አነሣን። ማጣሪያውን፣ ትራሹን፣ የመግቢያ ታሪኩን፣ የማይሉን ዝርዝር። እኔ እንዲያውም ቸኩዬ ማጣሪያውን ላጠፋው ነበር። ያስቆመኝ የወንድም ልጅ ነው። ይህ ስክሪንሹት በኋላ ምን ያህል እንዳዳነን ታያላችሁ።

ከዚያ የኢሜይሉን ፓስወርድ ቀየርን፤ ሌላ ቦታ የተከፈተውን ሁሉ አስወጣን፤ ማጣሪያውን አጠፋን። ስልክ ቁጥሩን በሴትዮዋ ቁጥር ተካን። የአየር መንገዱንም ፓስወርድ ቀየርን።

ፓስወርድ መቀየር ግን የተቆረጠ ቲኬት አይሰርዝም። ለዚያ አየር መንገዱ ጋ መደወል ነበረብን።

የ1949 እና የ1957 ጣጣ

ጥሪ ማዕከሉ ጋ 42 ደቂቃ ጠበቅን፤ በመሀል ካርድ ሁለት ጊዜ ሞላን። የሚያነጋግሩት የአካውንቱን ባለቤት ብቻ ስለሆነ ስልኩን ላውድ ላይ አደረግነው፤ ሴትዮዋ ራሳቸው ተናገሩ።

ስም ትክክል። የአባልነት ቁጥር ትክክል። ስልኩን ያነሣችው ልጅ «የትውልድ ዘመን?» ስትላቸው ፓስፖርታቸውን አይተው 1957 አሉ። አይደለም ተባሉ።

የወንድም ልጅ ግንባሩን ያዘ። አካውንቱን ሲከፍት ፓስፖርቱ ስላልነበረ የሞላው ከቀበሌ መታወቂያቸው ነው። እዚያ ላይ 1949 ይላል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱ የእኛ ዘመን፣ ሌላው የፈረንጅ። ኮምፒውተሩ ግን ይህን አያውቅም። 1949 ብለን ብናርም ልጅቷ እምቢ አለች። በአንድ ጥሪ ሁለት የትውልድ ዘመን የሰጠ ሰው ያጠራጥራል፤ እኔም በእሷ ቦታ ብሆን እምቢ እል ነበር።

የቀረን የከተማው የቲኬት ቢሮ ነው። ባጃጅ ይዘን ሄድን። የቢሮው ሠራተኛ የማይሉን ሲስተም መክፈት እንደማይችል ነገረን። ልብ ብሎ ያዳመጠን ግን እሱ ነው። ፓስፖርቱንና መታወቂያውን ስካን አድርጎ፣ ሁለቱ ዓመቶች አንድ መሆናቸውን በእንግሊዝኛ ጽፎ፣ በውስጥ መስመር ለሚመለከተው ክፍል ላከው። ቢሮው ሊዘጋ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው አካውንቱ ታገደ።

ማክሰኞ ጠዋት ሁለተኛው ቲኬት ተሰረዘ። ረቡዕ 26,500 ማይል ተመለሰ።

ይህን ስነግራቸው ሴትዮዋ ደስ አላቸው፤ ትንሽ ዝም አሉና «ታዲያ ያ መንገደኛ አየር ማረፊያ ቀረ ማለት ነው?» አሉኝ። አላሰብኩትም ነበር። በእንዲህ ያለ ስርቆት የሚበረው ሰው ብዙ ጊዜ ሌባው አይደለም። ሌባው ማይሉን በቲኬት ይቀይርና «ርካሽ ትኬት አለ» ብሎ ለሌላ ይሸጣል። ገዢው ገንዘቡን ከፍሎ፣ የእውነት ቲኬት ይዞ ነው የሚመጣው። በረራው በጥቂት ቀን ውስጥ የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ ባለቤቱ ሳይነቃ መንገደኛው መብረር አለበት። እሳቸው ያዘኑለት ሰው ምናልባት እንደሳቸው የተዘረፈ ነበር።

ያልሠራው

ሰኞ ማታ የፍራንክፈርቷ ልጅ ተናዳ ፌስቡክ ላይ ጻፈች፤ የአየር መንገዱንም ገጽ ጠራችው። ሰዓት ሳይሞላ የአየር መንገዱን አርማ የለጠፈ አካውንት በውስጥ መስመር አናገራት። ይቅርታ ጠየቃት። ጉዳዩን ለመፍታት የእናቷን ፓስፖርት ፎቶና ስልካቸው ላይ የሚገባውን ኮድ ፈለገ። ፓስፖርቱን ልካ ነበር። ኮዱን ልትጠይቅ እናቷ ጋ ስትደውል አጋጣሚ ሆኖ አብሬያቸው ተቀምጫለሁ። ለጥቂት ተረፍን። የተበዳይን ጩኸት እየተከታተለ ሁለተኛ የሚዘርፍ ሌላ ሌባ አለ፤ እኔም ያወቅኩት ያኔ ነው።

ለ30,000ው ማይል የጻፍነው የመጀመሪያ ደብዳቤም አልሠራም። ስሜት የበዛበት ደብዳቤ ነበር፤ እኔ ነኝ የጻፍኩት። ስለ እናትነት፣ ስለ ጡረታ፣ ስለ ጉልበት ሕመም ጭምር ጽፌያለሁ። መልሱ በአሥር ቀን መጣ፤ አራት መስመር። ማይሉ እንዲወጣ ማረጋገጫ የተሰጠው ከተመዘገበው ኢሜይል ስለሆነ የወጣው በአካውንቱ ባለቤት ፈቃድ እንደሆነ ይቆጠራል፣ ጉዳዩ ተዘግቷል ይላል።

ብንበሳጭም አነጋገሩ ውስጥ አመክንዮ አለ። እነሱ የሚያዩት ትክክለኛ ፓስወርድ፣ ትክክለኛ ኢሜይል፣ የተጫነ ሊንክ ነው። የቤቱን ቁልፍ ይዞ የገባን ሰው ዘበኛ አያስቆመውም።

የሠራው

ሁለተኛውን ደብዳቤ የወንድም ልጅ ጻፈው። አንድ ገጽ ነው፤ ቅጽል የሌለበት። ኢሜይሉ ራሱ መሰበሩን የሚያሳየውን ማጣሪያ አያያዘ። ከሌላ አህጉር የተገባበትን ታሪክ አያያዘ፤ ከማይሉ መውጣት 19 ደቂቃ በፊት ነው። ሴትዮዋ በዚያ ቀን አገር ውስጥ መሆናቸውን የሚያሳየውን የፓስፖርት ማህተም ገጽ አያያዘ። በአካውንቱ ዕድሜ ከዚህ በፊት ማይል ወጥቶ እንደማያውቅም ጻፈ። መጨረሻ ላይ ሁለት ጥያቄ አለ፤ 30,000ው ይመለስ፣ የመግቢያ መዝገቡ ለፖሊስ እንዲሆን ይቀመጥ።

ፖሊስ ጋ የሄድነው ከዚያ በፊት ነው። መርማሪው ወጣት ነው። «የተሰረቀው ምንድን ነው?» አለ። ማይል አልነው። «ኪሎ ሜትር ነው?» አለ፤ ሳቅን፤ እሱም ሳቀ። የሞባይል ካርድ ምሳሌ ሰጠሁት። ካርዱ ወረቀት ነው፤ ቁጥሩን ያወቀ ግን ብሩን ይወስዳል። ገባው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ የሰው አካውንት ውስጥ መግባትን ወንጀል እንደሚያደርግ ያውቅ ነበር። የቸገረው ቅጹ ላይ ያለው «ግምት በብር» የሚለው ቦታ ነው። የእነዚያኑ ሁለት መንገዶች የዕለቱን የቲኬት ዋጋ ከድረ ገጽ አይተን፣ በዕለቱ ምንዛሪ አባዝተን ሞላነው። ሌባው ይያዛል ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ እስካሁንም አልተያዘም። ግን ማህተምና ቁጥር ያለው ወረቀት አገኘን፤ ከሁለተኛው ደብዳቤ ጋር ሄደ።

በሰባተኛው ሳምንት 30,000ው ተመለሰ። ደብዳቤው «ለአንድ ጊዜ ብቻ፣ በመልካም ፈቃድ» ይላል። ጥፋት ማመን አይደለም፤ እኛም አልተከራከርንም። የተመለሰው ማይል የማብቂያ ቀኑ የድሮው እንደሆነ ያየነው ግን ዘግይተን ነው። 11 ሺህ የሚሆነው በሁለት ወር ውስጥ የሚቃጠል ነበር፤ ሳንጠቀምበት ተቃጠለ። መልሱ እንደመጣ የማብቂያው ቀን ይራዘምልን ብለን መጠየቅ ነበረብን።

በየት ገባ?

እርግጠኛ መሆን አልቻልንም። ሦስት በር ክፍት ነበር።

የመጀመሪያው ያ አንድ ፓስወርድ ነው። የወንድም ልጅ ከዓመታት በፊት በእሳቸው ኢሜይል አንድ የሥራ ማስታወቂያ ድረ ገጽ ላይ ተመዝግቦ ነበር፤ የራሱ ኢሜይል ሞልቶበት። ትሮይ ሃንት የተባለ አውስትራሊያዊ እ.ኤ.አ. በ2013 የከፈተው «ሃቭ አይ ቢን ፖንድ» የሚባል ነጻ ገጽ አለ። ኢሜይል ሲጻፍበት፣ ያ ኢሜይል በየትኛው የመረጃ መሹለክ ውስጥ እንደተገኘ ያሳያል። የሴትዮዋን ኢሜይል ስንጽፍ ያ ድረ ገጽ ወጣ። ሌቦች እንዲህ የሾለከ ኢሜይልና ፓስወርድ በሚሊዮን ይገዙና በማሽን አየር መንገዱም ላይ፣ ሱቁም ላይ፣ ኢሜይሉም ላይ ይሞክሩታል። ከሺህ አንዱ ቢከፍት ይበቃቸዋል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2015 በብሪቲሽ ኤርዌይስ ደንበኞች ላይ የደረሰው ይኸው ነው፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አካውንቶች ከሌላ ቦታ በተገኘ ፓስወርድ ተሞክረዋል። ስለዚህ የሽምብጧ እናት ብቻ አይደሉም።

ሁለተኛው በር ቢዝነስ ሴንተሩ ነው። ልጁ የሚቀመጥበትን ኮምፒውተር ያስታውሳል፤ ሄድን። ባለቤቱ ፈቅዶልን የብራውዘሩን የተቀመጠ ፓስወርድ ዝርዝር ስንከፍት የሴትዮዋ አለ። የእሳቸው ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ የሰፈሩ ሰው አለ። የኢሜይል፣ የፌስቡክ፣ የዲቪ፣ የቪዛ ማመልከቻ። ባለቤቱ ደንግጦ ፊታችን አጠፋው። ክፉ ሰው አይደለም፤ «ሴቭ» የሚለውን ማንም ደንበኛ ሳያነብ ይጫነዋል።

ሦስተኛው ፎቶ ነው። ሴትዮዋ ከፍራንክፈርት ሲመለሱ ቦርዲንግ ፓስ ይዘው ፈገግ ያሉበት ፎቶ ፌስቡክ ላይ ወጥቶ ነበር። ባርኮዱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ባርኮዱ ውስጥ ስም፣ የቡኪንግ ኮድና የአባልነት ቁጥር አለ፤ በስልክ ስካን ተደርጎ ይነበባል።

የእኔ ግምት የመጀመሪያው ነው። ኢሜይሉም ማይሉም በአንድ ሌሊት የተከፈቱት በአንድ ፓስወርድ ነውና። ሦስቱንም ግን ዘጋናቸው።

ለሌላ ቤት የሚሆነው

ሌላ ቤት ቢያጋጥም እኔ መጀመሪያ የማደርገው መደወል ነው። ማን እንዳደረገው መጠየቁ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። የእኛ ጠብ 30,000 ማይል ለማስመለስ ሰባት ሳምንት አስከፍሎናል። ከውጭ ያለ ዘመድ ሰዓት ሲነግራችሁ «በማን አቆጣጠር?» በሉት።

ዛሬ ማታ መደረግ ያለበት ደግሞ አካውንቱ ላይ ያለው ስልክ የማን እንደሆነና የትውልድ ዘመኑ በየትኛው ዘመን እንደተሞላ ማየት ነው። ፓስፖርቱ ላይ ያለው መሆን አለበት፤ ስሙም ፊደል በፊደል እንደዚያው። ይህ ችግር ካልመጣ የማይታይ፣ ችግር ሲመጣ ግን በር የሚዘጋ ነገር ነው። በሰላሙ ጊዜ ማስተካከል ቀላል ነው። ኢሜይሉ ከማይሉ በላይ መጠበቅ አለበት፤ የሁሉም ቁልፍ እሱ ነው። ሴቲንጉ ውስጥ ያላስቀመጣችሁት ማጣሪያ ካለ ሰው ገብቷል ማለት ነው።

የቤተሰብ አካውንት በቤተሰብ መያዙን ማስቀረት አልሞከርንም። አይሆንም። ያደረግነው፣ ሥራውን መከፋፈል ነው። ቲኬት የሚቆርጠው የአሜሪካው ልጅ ብቻ ሆነ። እሱ ሲገባ የማረጋገጫ ኮዱ የሚመጣው እናቱ ስልክ ላይ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ደውሎ መጠየቅ አለበት። «ድሮ በወር አንዴ ነበር የሚደውለው፤ አሁን ይሻላል» ይላሉ እሳቸው። በየወሩ መጀመሪያ ቀሪውን ማይል ያነብላቸዋል፤ እሳቸው ደብተር ላይ ይጽፋሉ።

አዲሱን ፓስወርድ በወረቀት ጽፈው ዳዊታቸው ውስጥ አስገብተውታል። ወረቀት ላይ አይጻፍም የሚል ምክር አውቃለሁ። ግን እስያ ያለ ሌባ የሽምብጥን ዳዊት አይገልጥም፤ እቤት ያለ ሰው ደግሞ ዳዊታቸውን አይነካም። ተውኩት።

የወንድም ልጅ ለተወሰነ ጊዜ ስልካቸውን መንካት አቁሞ ነበር። «ሌላ ሰው ያሳይዎት እትዬ» ይላቸዋል፤ እሳቸውም አይጫኑትም። ጥር ላይ ወደ ፍራንክፈርት ሲሄዱ ግን አየር ማረፊያ ያደረሳቸው እሱ ነው። በር ላይ ለልጃቸው የሚልኩት ፎቶ እንዲያነሣቸው ስልኩን ሰጡት። ቦርዲንግ ፓሱን ከፍ አድርገው ያዙ። ልጁ ስልኩን ዝቅ አደረገና መጥቶ የእሳቸውን አውራ ጣት ወስዶ ባርኮዱ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ነው ያነሣቸው።